ሁለተኛው ሙላት

ወላይታ ሶዶ
ግንቦት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ ፍሬዘር፣

«አጥፊው!» አለኝ መምህር ሀብተሚካኤል፣ ክፍል ሙሉ ተማሪ ፊት። ሰኞ ነው፤ አሥራ አንደኛ ክፍልን ፊዚክስ እያስተማርኩ ነበር። ሰሌዳው ላይ «ባሕር በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል» ብዬ ጽፌያለሁ። እሱ የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ ስለሆነ በር አያንኳኳም።

«ጨረቃ አንድ፣ ሙላቱ ሁለት? ልጆቹን አታሳስቻቸው! ለመሆኑ ባሕር አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«አላየሁም። ጨረቃን ግን አያታለሁ፤ አባቶቻችን የዘመን መለወጫችንን ጊፋታን የሚቆጥሩት በእሷ አይደል?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሱ ዳስተሩን ነጥቆ ራሱ አጠፋው። ትናንት ደግሞ ክፍሌን ለሌላ መምህር ሰጠብኝ። እንዲመለስልኝ ነገ ጠዋት ባንዲራ ሰልፍ ላይ «ተሳስቻለሁ» ማለት አለብኝ።

ሰኞ ማታ «ወደቡን ፎቶ አንሳልኝ» ብዬ ያጣደፍኩህ ለዚህ ነው። ፎቶዎችህን ሳይ ጮህኩ! ያቺ ሰማያዊ ጀልባ ጠዋት ተንሳፍፋ፣ ከሰዓት ጭቃ ላይ ተጋድማ፣ ማታ እንደገና ተንሳፍፋ! ጂቡቲ ዕቃ ስታወርድ የምትውለው ወንድሜ ምስክሬ ሆነ!

ዛሬ በእረፍት ሰዓት ተማሪዎቹ ሜዳ ላይ ከበቡኝ። ሦስቱን አሰለፍኩ፤ አጥሩ ጨረቃ ነው። ለአጥሩ የሚቀርበው ጩማ ወደ አጥሩ አምስት እርምጃ ሄደ፣ መሃል ያለችው ሀኒያ ሦስት፣ ከኋላ ያለችው መቅዲ አንድ።

«ሀኒያ፣ ማን ራቀሽ?»

«ሁለቱም፣ ቲቸር! ጩማ ቀደመኝ፣ መቅዲ ቀረችብኝ!»

«አየሽ፣ አንቺ ምድር ነሽ።»

«ለዚህ ነው የከበድሽው!» አላት ጩማ።

ይኸው ነው፣ ፍሬዘር! ጨረቃ ቅርቡን ውኃ አብልጣ ትስባለች፣ ምድርን መካከለኛ፣ ከጀርባ ያለውን ውኃ አሳንሳ። ስለዚህ ባሕሩ በሁለቱም ወገን ያብጣል፤ ምድር ስትዞር ወደባችሁ በሁለቱም እብጠት ያልፋል። ሰሞኑን ውኃው የበረታባችሁ ደግሞ ጨረቃ ሙሉ ስለሆነች ነው፤ ያኔ ፀሐይም ከእሷ ጋር ተሰልፋ ታግዛለች።

«አባያስ ለምን አይሞላም?» አለ ጩማ፤ ብልጥ ልጅ ነው። ይሞላል፤ ሐይቁ ትንሽ ስለሆነ ግን ዓይን አይለየውም።

ፎቶዎቹን ለርዕሰ መምህሩ አሳየሁት። «ልክ ነሽ እኮ» አለኝ። «ግን መምህር ሀብተሚካኤል ትልቅ ሰው ነው፤ ይቅርታ ብትይው ምን ይጎዳሻል?» እማዬም ይህንኑ ትላለች። አንተ እዚህ ብትኖር ምን ትል እንደነበር አውቃለሁ።

ባሕሩ እንኳ በቀን ሁለቴ ይመለሳል። አንተ ያለፈውም ያቻምናውም ጊፋታ አመለጠህ፤ እማዬ ጠባዩን ለውጦ ይሆን ትላለች። ለሚመጣው ና። እግዚአብሔር ከውኃ ክፉ ይጠብቅህ፤ ጀርባህን ያበርታልህ፤ በሰላም ደጃችን ያድርስህ።

ነገ ሰልፉ ፊት እወጣለሁ፤ ፎቶዎችህን ይዤ። ክፍሌን ሊከለክሉኝ ይችላሉ። ልክ ሆኜ ሳለ «ተሳስቻለሁ በይ» መባልን ግን ከእንግዲህ ከማንም አልቀበልም።

እህትህ አሳየሽ