አልጋ ለማስለቀቅ ያልቸኮሉት ሲስተር

ሲስተር ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ አጣቢ እናታቸው በ1971 ዓ.ም. ተወለዱ። ገና ልጅ ሳሉ ወላጆቻቸው ስላረፉ፣ ያሳደጓቸው ይህን የሕይወት ታሪክ የሚጽፉት ሴት አያታቸው ናቸው፤ ብርድ እንዳይመታቸው፣ ሳይበሉ እንዳይወጡ ሲሳቀቁ ነው ያሳደጓቸው።

በ1992 ዓ.ም. በነርስነት ተመርቀው በመንግሥት ሆስፒታል ተቀጠሩ፤ በቀዶ ሕክምና ክፍል፣ በኋላም በክፍሉ ኃላፊነት ከሃያ ዓመት በላይ ሠርተዋል። በ1996 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ ሠራተኛው ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴቶች ልጆች አፍርተዋል።

ሲስተር አባካኝ አልነበሩም። ጊዜው ሊያልፍ የተቃረበ መድኃኒት ለቅመው ወደሚፈለግበት ክፍል ይልኩ ነበር፤ ጓንት በከንቱ ሲጣል ካዩም አይምሩም። የወጪ ነገር አይገባቸውም ያሏቸው፣ አንድ በሽተኛ እንኳ በጎኑ አገላብጠው የማያውቁ የቢሮ ሰዎች ናቸው።

በ2013 ዓ.ም. አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጡና፣ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሁሉ በሁለተኛው ቀን አልጋ ይልቀቅ አሉ። ሲስተር «ቁስሉ አልደረቀም፣ አልፈርምም» እያሉ፣ አንድ ልብስ ሰፊ በሥራ አስኪያጁ ፊርማ ተሸኘ። በአራተኛው ቀን ስፌቱ ተፈትቶ በሰው ሸክም ተመለሰ። በወሩ ስብሰባ ይኸው ሰው ሁለት ታካሚ ተብሎ ተቆጠረ፤ ዕቅዱ ከመቶ በላይ ሆነ፤ ኬክ ተቆረሰ። ሲስተር ተነሥተው «ጌታዬ፣ ሰውየው አንድ ነው፤ የተቀደደው ነው ሁለቴ» አሉ። በማግስቱ «የዕቅድ እንቅፋት» የሚል ደብዳቤ ተሰጥቷቸው ወደ አንሶላ መጋዘን ተዛወሩ። ያን ዕቅድ ያወጡት ሰውዬ እሳቸው ሲታመሙ የሚሮጡት ወደ ግል ሐኪም ነው።

ሲስተር በጉበት ሕመም ስምንት ወር ታክመው፣ ኅዳር 9 ቀን 2016 ዓ.ም. በአርባ አምስት ዓመታቸው አረፉ።

ሥራ አስኪያጁ «ለዕቅዱ መሳካት የበኩላቸውን አድርገዋል» የሚል አንቀጽ እዚህ እንዲነበብ ልከው ነበር። የሲስተር ታላቂቱ ልጅ በዚያው ሆስፒታል የነርስ ተለማማጅ ናትና፣ ቤተሰቡ «እማማ፣ ይቺን ልጅ እንዳያባርሩብን፣ ግድ የለም ይግባ» ብሎ አያትየዋን ለምኗል። እሳቸውንም ፍርሃት እንቅልፍ ነስቷቸው ከርሟል። ቢሆንም ሲስተር በቁማቸው እንቢ ያሉትን፣ አፋቸው ሲዘጋ እሺ አሉ ማለት ነውር ነው። አንቀጹ አልገባም። ልጅቷን ለመንካት የሚያስብ ካለ፣ ቅድመ አያቷ ገና በሕይወት እንዳሉ ይወቅ።

ሲስተር ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አያታቸውን ትተው ሄደዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን «ቶሎ ውጡ» የሚል በሌለበት ያሳርፍልን።