የእህቴን መታጠቢያ ገንዳ የአበባ መደብ ለማድረግ ለወሰኑት ኃላፊ

ለተከበሩ የሕንፃችን አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብና፣ ጊዜ ከተረፈዎ፣ አንድ ነገር ስለማሳሰብ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎ የሰመረ፣ በተለይ ደግሞ ዓይንዎ ብሩህ ሆኖ እንዲቆይልን ከልብ እመኛለሁ። ሕንፃችን በእርስዎ ዓይን የሚኖር ሕንፃ ስለሆነ፣ ዓይንዎ ላይ አንዳች ነገር ቢደርስ ሁላችንም ጉድ መሆናችን ነው። እኔ ከመግቢያው አጠገብ ወንበሬን ዘርግቼ ወጪ ወራጁን ስተርብ የምውለው፣ ትልቁም ትንሹም «አጎቴ» የሚለኝ የቀድሞ የጭነት መኪና ሾፌር ነኝ። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፤ ፊደል የለየሁት ከፊቴ ይሄዱ በነበሩ መኪኖች ጀርባ ላይ ከተጻፈው ነው። ስለዚህ አጻጻፌ ላይ ግድፈት ቢያገኙ እኔን ትተው ከፊቴ የነበረውን መኪና ይውቀሱልኝ።

ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍኩት ለእርስዎ ካለኝ አክብሮት የተነሳ ነው። ከዚህ በፊት በአካል ላነጋግርዎ ደጋግሜ መጥቼ ጸሐፊዎ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ስትለኝ ቆይታለች፤ ስብሰባው ምን እንደወለደ ያወቅሁት የእህቴ የአበባ ማስቀመጫዎች ከየቦታቸው ተነስተው ሳገኛቸው ነው።

ጉዳዩን ለማያውቅ ጎረቤት ባጭሩ ላስረዳ። እኔ እትዬ የምላት ታላቅ እህቴ ዓይኗ ከጠፋ ቆይቷል። ከደረጃው ራስ አለፍ ብሎ ባለው ቤት ከሴት ልጇ ጋር ትኖራለች። እትዬ ዕድሜዋን ሙሉ አዋላጅ ነበረች፤ የዚህን ሰፈር ሰው ግማሹን ገና ስም ሳይወጣለት አጥባዋለች። ዓይኗ እንደጠፋ ሰሞን ከጨለማው ይልቅ የከበዳት፣ በተራዋ እንደ ሕፃን መታጠቧ ነበር። ልጇ ገላዋን ስታጥባት ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞር ነበር። ኋላ ኋላም «አልቆሸሽኩም» እያለች ማምለጥ ጀመረች፤ እትዬን ለሚያውቅ ከዚህ የባሰ የሕመም ምልክት የለም።

የእህቴ ልጅ ነገሩ ገብቷት ቤቱን እንደ አዲስ አሰናዳችው። ሰው ዘመናዊ ዕቃ ሲገዛ እሷ አሮጌ ዕቃ መሸጫዎችን ማሰስ ያዘች። ዓይኗን ጨፍና እያንዳንዱን ዕቃ በእጇ ስትዳብስ አንዱ ሻጭ ግራ ገብቶት «እመቤቴ፣ ቀለሙም እኮ ያምራል» ቢላት «ቀለሙን አጎቴ ያይልኛል» ብላ አስቃዋለች። እንዲህ እያለች እጀታው የመስቀል ቅርጽ ያለው የነሐስ ቧንቧ ለሙቁ፣ እንደ እንቁላል ሞላላ የሆነ ለቀዝቃዛው፣ ጠርዙ ሰፊ የሆነ ባለ እግር የእጅ መታጠቢያ፣ ውሃ መልቀቂያው በሰንሰለት የሚሳብ ሽንት ቤት፣ ሲደገፉት የማይነቃነቅ የፎጣ መስቀያ አሰባሰበች። ፍሬሙ የተቀረጸ ትልቅ መስታወትም ሰቀለች፤ እሱን ያዘዘችው እትዬ ራሷ ናት፤ መስታወት የሌለው መታጠቢያ ቤት እስር ቤት ይመስላል ብላ። ይህ ሁሉ የተሰበሰበው ግን ከሕንፃው ጋር በቆየው በአሮጌው የብረት ገንዳ ዙሪያ ነው። አራት የአንበሳ እግር ያለው፣ ከንፈሩ ወደ ውጭ የተጠቀለለ፣ እጅ የማያመልጠው ገንዳ። እትዬ ያንን ከንፈር ይዛ ትገባለች፣ ያንኑ ይዛ ትወጣለች።

መጀመሪያ ለብቻዋ የታጠበች ቀን በሩን ከውስጥ ስትቀረቅር እኔና ልጇ ጆሯችንን በሩ ላይ ለጥፈን ቆመን ነበር። ውሃው ተንሿሿ፣ ቆመ፣ ዝም አለ። ከዚያ የእትዬ ድምፅ «አንተ ሰውዬ፣ ትንፋሽህ እዚህ ድረስ ይሰማል፤ ሂድና ሥራ ፈልግ!» ሲል መጣ። ልጇ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፤ እኔም ሥራ ፍለጋ ሄድኩ።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልለፍ።

አንደኛ፤ ሕንፃችን በሕንፃዎች የውበት ውድድር እንዲሳተፍ በማድረግዎና ለዚሁ የውበት ኮሚቴ በማቋቋምዎ እናመሰግናለን። ውኃ የማይወጣባቸው ቀናት፣ የማይበራው የደረጃ መብራት፣ የሚያንጠባጥበው ጣሪያ፣ እነዚህ ሁሉ ውድድር ስለሌላቸው ወረፋቸውን ቢጠብቁ ማንም አይቀየምም።

ሁለተኛ፤ የአበባ ማስቀመጫዎቹን ስላስተካከሉልን ምስጋናዬ ወደር የለውም። ማስቀመጫዎቹ ለጌጥ የተቀመጡ ቢመስልዎ አልፈርድብዎትም፤ ያምራሉና። በእትዬ በር ላይ የነበረው ሆዱ ሸካራ የሆነ የሸክላ ማስቀመጫ ሲሆን ናና ተተክሎበታል፤ ሽታው ሲደርሳት፣ እጇም ሸካራውን ሆድ ሲያገኝ ቤቷ ደርሳለች ማለት ነው። በደረጃው ራስ ላይ የነበረው ደግሞ ረጅም፣ ልሙጥ፣ ሲነኩት የሚቀዘቅዝ የነሐስ ማስቀመጫ ነው፤ ሮዝመሪ አለበት፤ ትርጉሙም «እግርሽን ጠብቂ» ነው። በዚህ ብቻ እትዬ ያለ መሪ ትወጣ ትገባ ነበር። ኮሚቴዎ ግን ዕቃ የሚደረደረው በቁመት መሆኑን ስለሚያውቅ፣ አጭሩን ከደረጃው ጀምሮ፣ ረጅሙን ወደ ቢሮዎ በር እያስጠጋ በመስመር አሰለፋቸው። ፎቶ ሲነሳ በእርግጥ ግሩም ነበር።

በማግስቱ ከታች ዳቦ ይዤ ስወጣ ቀና ብዬ አየሁ። እትዬ በደረጃው ራስ ላይ ቆማለች። ግራ እጇ ሸካራውን ሸክላ ይዟል፤ ቀኝ እጇ የበሯን እጀታ ይፈልጋል፤ እጀታው ሊኖርበት በሚገባው ቦታ አየር ብቻ አለ። አንድ እግሯ ተነስቷል። ልጮህ ብዬ ድንጋጤው ወደፊት ይጥላታል ብዬ ዋጥኩት፤ ዳቦውን አስቀምጬ አንድ አንድ ደረጃ መውጣት ጀመርኩ። በተቻለኝ ልስላሴ «እትዬ፣ ባለሽበት ቁሚ» አልኳት። «በሬ ላይ ቆሜያለሁ፤ ከዚህ በላይ የት ልቁምልህ?» አለችኝ፤ እየቀለደች። እግሯ እንደተንጠለጠለ ነው። ደርሼ ትከሻዋን እስክይዝ ድረስ መቀለዷን አላቆመችም። ከዚያ «ደረጃው የት ነው?» ስትለኝ «ከጫማሽ ሥር» አልኳት፤ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለችና ሸክላውን አቀፈችው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ከቤት አትወጣም። ማስቀመጫዎቹን ወደየቦታቸው ብንመልስላትም፣ ናናው ሲሸታት ትቆማለች እንጂ አታምነውም። ሽታ አንዴ ከዋሸ ምን ይደረጋል? ይህን የምጽፈው ለወቀሳ አይደለም፤ ኮሚቴዎ ለመልካም ነገር እንደደከመ አውቃለሁ። ከደከማችሁ ሰዎች መካከል አንዳችሁ የቅርቡን በር ብታንኳኩና «እነዚህ የማን ናቸው? እዚህ ለምን ተቀመጡ?» ብላችሁ ብትጠይቁ ግን ውበቱ ምን ያህል ይጎድል እንደነበር እስካሁን እያሰላሁ ነው።

ሦስተኛ፤ በየቤቱ አንድ ዓይነት እንዲሆን ስለተወሰነው አዲስ መታጠቢያ። ናሙናውን አይቼዋለሁ፤ ድንቅ ነው። እጀታ የሚባል ነገር የለውም። ልሙጥ መስታወት ነው፤ በጣት ነካ ሲያደርጉት ይሠራል፤ ሙቅ ሲሆን ቀይ፣ ቀዝቃዛ ሲሆን ሰማያዊ ይበራል። ለእህቴ ይህን ለመረጡላት ባለሙያ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። ቀዩንና ሰማያዊውን እንዴት እንደምትለይ ስጠይቃቸው «ልጇ ትነግራታለች» አሉኝ። እኛ ደግሞ ይህን ሁሉ አሮጌ ዕቃ የሰበሰብነው ልጇ እንዳትነግራት ነበር።

አራተኛውን ለመጻፍ ብዕሬን ሁለቴ አስቀምጬ አነሳሁ። ባለፈው ሳምንት እርስዎ እትዬ ቤት ድረስ መጥተው፣ ገንዳውን ዞረው አይተው፣ የአንበሳ እግሮቹን በጫማዎ ጫፍ መታ መታ አድርገው፣ አፈር ተሞልቶ ግቢው መሃል አበባ ቢተከልበት ዳኞቹን እንደሚያስደምም ተናግረዋል። ሰኞ ጠዋት ሠራተኞች መጥተው እንደሚያነሱትም በትሕትና አስታውቀዋል። ንብረትነቱ የሕንፃው ነው፤ አልክድም። እኔ የምለው እትዬ ያን ጊዜ ከጎንዎ ቆማ ነበር። እርስዎ ሲናገሩ የነበረው ለልጇ ነው። እትዬ ዓይኗ እንጂ ጆሮዋ ምንም አልሆነም። እርስዎ ከወጡ በኋላ ያለችኝ ይህን ብቻ ነው፦ «እንግዲህ ደግሞ ፊቴን ወደ ግድግዳ ላዙር?» ቀልድ መስሎኝ ልስቅ ስል አልሳቀችም።

አምስተኛ፤ ቤቱ «ሙዚየም ይመስላል» ስላሉን እናመሰግናለን። ሙዚየም ውስጥ ዕቃውን ከቦታው ማንሳት ክልክል ነው።

ክቡርነትዎን ማድከም ስለማልፈልግ፣ ሥራዎ እንዳይስተጓጎል ስለ ሰኞው ፕሮግራም አንድ መረጃ ልስጥዎና ላብቃ። እትዬ ሰኞ ጠዋት ገላዋን ለመታጠብ ወስናለች። ይህ የእኔ ተንኮል እንዳይመስልዎ፤ ብዙ ተንኮል እንዳለብኝ ባይካድም ይህኛው የራሷ ነው። ሠራተኞችዎ ሲመጡ ገንዳው ውስጥ ትሆናለች፤ በሩም ከውስጥ የተቀረቀረ ይሆናል። መቼ እንደምትጨርስ አልጠየቅኋትም፤ ሴት ልጅ ገላዋን ስትታጠብ አይጠየቅም። ውሃው ቢቀዘቅዝባት የሙቁን እጀታ ታውቀዋለች። ስለዚህ እባክዎ ሠራተኞቹ፣ ኮሚቴውና የተከበሩት ዳኞች አንድ ላይ ይምጡና በሩን አንኳኩተው ይጠብቁ። ወንበር እኔ አወጣላችኋለሁ። ከዚያ ከእናንተ መካከል የሚደፍር አንድ ሰው ለምን እንደመጣችሁ ከበሩ ውጭ ሆኖ ይንገራት፤ በዚህ ሕንፃ ውስጥ እስካሁን ለእሷ ለራሷ የነገራት የለምና። መልሷን ሁላችንም እንሰማለን። ድምፅዋ ጥሩ ነው።

ለከፍተኛው ኃላፊነትዎ ካለኝ ጥልቅ አክብሮት ጋር፣ ጥላዎ ከኮሪደራችን እንዳይጠፋ፣ እጅዎም ወደ አበባዎቻችን እንዳይረዝም እየተመኘሁ፣ ዝቅ ብዬ፣ ጉልበቴ በሚፈቅደው መጠን ብቻ ዝቅ ብዬ፣ እሰናበትዎታለሁ።

የመግቢያው ወንበር ተረኛ፣
የሁሉም አጎት

ግልባጭ፦
ለውበት ኮሚቴው፣
ለውድድሩ ዳኞች፣
ለእትዬ (በቃል የተነበበላት፤ «ሰላምታው በዛ» ብላለች)

ድኅረ ጽሑፍ፦ በቢሮዎ በር ላይ ያቆሙትን ትልቁን አዲስ የአበባ ማስቀመጫ አየሁት። ማስቀመጫው ፕላስቲክ ነው፤ አበባውም ፕላስቲክ ነው፤ አይሸትም፣ አይጠማም፣ አይጠወልግም። እትዬ «ታዲያ ቢሮው እዚያ መኖሩን በምን ሽታ አውቃለሁ?» ብትለኝ፣ «እህቴ ሆይ፣ እኔ ሁለት ዓይን ይዤ ስፈልገው ከርሜ አላገኘሁትም» አልኳት።