የእሜቴ የስኳር መለኪያ

ውድ እትዬ፣

ፖስታው ላይ ጽሑፌን ስታዪ ደንግጠሽ ከሆነ ማንም አልሞተም። ድመትሽ እሜቴም አለች። ይህን ስጽፍልሽ የመሥሪያ ጠረጴዛዬ ላይ፣ ፈትቼ ካስቀመጥኩት የሰው ሰዓት አጠገብ ተጋድማለች። ጽሑፌ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ጎላ ጎላ ማለቱን ትታዘቢ ይሆናል፤ ምክንያቱን እነግርሻለሁ።

ከሄድሽ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንዲት መስመር ያልጻፍኩ ሰው ዛሬ ስለ ድመት ልጽፍልሽ ነው። ሌላውን ነገር አራት ጊዜ ጀምሬ አራት ጊዜ ቀደድኩት። ስለ እሜቴ ከተነሳን ቢያንስ አንጣላም ብዬ ከእሷ ጀመርኩ።

ልትሄጂ ስትይ በካርቶን አድርገሽ በጎረቤትሽ እጅ ስትልኪልኝ፣ ካርቶኑ ላይ የጻፍሽው "ምግቧ ከሥር አለ" የሚል ብቻ ነበር። ሰላምታ እንኳ አልነበረውም፤ አልፈርድብሽም። ድመት እንደማልወድ ታውቂያለሽ፤ እሷ ግን ሱቄን ወደደችው። ቀኑን ሙሉ የሰዓቶቹን ድምፅ እየሰማች ታንቀላፋለች፤ ስትነቃ ደግሞ ጥቃቅን ብሎኖቼን አንድ በአንድ በእጇ እየገፋች ከጠረጴዛ ትጥላለች። ገሥጬ ገሥጬ ተውኩት። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ።

ከሦስት ወር በፊት ውሃ መጠጣት አበዛች። ከዚያ እየበላች ከሳች። በመጨረሻም የኋላ እግሮቿ ሰንፈው፣ ጣቶቿ ላይ ትቆም የነበረችው በተረከዟ መራመድ ጀመረች። አንድ ሰኞ ጠዋት ታቅፌ እንስሳት ሐኪም ጋ ወሰድኳት። ወጣት ነው፤ እጁ ግን የረጋ ነው።

"ውሃ ትጠጣለች?" አለኝ።

"ብዙም አይደለም፤ እንደ ሰው ነው የምትጠጣው።"

"እንደ ማን ሰው?"

"እንደኔ ነዋ። ጠዋት አንድ ጆግ እሞላለሁ፤ ለሷ ቀድቼ የቀረውን እኔ እጠጣለሁ። ሳናውቀው ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ያልቃል።"

ቀና ብሎ አየኝ። የሆነ ነገር ሊለኝ ፈልጎ ተወው። እኔን ሊያክም አልተቀጠረ፣ ምን አገባው።

ደሟን አየና "ስኳር አለባት" አለ። ድመት ደግሞ ስኳር የት አግኝታ ነው ብዬ ልከራከረው ስል አላስጨረሰኝም። "የዛሬውን ቁጥር ግን አላምነውም። እዚህ ስትመጣ ትፈራለች፤ ድመት ስትፈራ ስኳሯ በፍርሃቱ ብቻ ይወጣል። ይሄን አምኜ ኢንሱሊኑን ባበዛው ቤት ስትረጋጋ ስኳሯ ወርዶ ትወድቅብዎታለች፤ ላትነሳም ትችላለች። ባሳንሰው ደግሞ እንዲህ እየመነመነች ታልቃለች። መለኪያ ይግዙና ቤት ውስጥ፣ ከጆሮዋ ጫፍ፣ ጠዋትና ማታ ይለኩልኝ። እስከዚያ በትንሹ እንጀምራለን።"

የድመቷ ነፍስ በመለኪያው ላይ ተንጠለጠለች ማለት ነው። መለኪያ መምረጥ ደግሞ ለኔ የሚሰጥ ሥራ ነው አልኩ። ሠላሳ ዓመት ሰዓት የሠራሁ ሰው!

ፋርማሲው መደርደሪያ ላይ አምስት ዓይነት ነበር። ሁሉንም አስወረድኩ። ፋርማሲስቷ ትዕግሥተኛ ልጅ ናት።

"የትኛው ነው ትክክለኛው?"

"ሁሉም ትክክል ናቸው፣ ጋሼ።"

"እኔ ሁሉም ትክክል የሆኑ አምስት ሰዓቶች አይቼ አላውቅም።"

ሳቀች። ለማን እንደሆነ ስነግራት ደግሞ ከልቧ ሳቀች፤ ግን በደንብ መከረችኝ። የድመት ጆሮ ብዙ ደም ስለማይሰጥ ትንሽ ጠብታ የሚበቃውን ይውሰዱ፣ ማሽኑ ዓመታት ይኖራል፣ የሚያልቀው ደሙ የሚነካበት ቀጭን ወረቀት፣ ስትሪፑ ነውና ስትሪፑ ከገበያ የማይጠፋውን ይምረጡ አለችኝ። እኔ ቁጥሩ ትልልቅ ሆኖ የሚታየውን መረጥኩ። ሌላው ምክንያት ሁሉ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው።

በኛ ሥራ ያልተፈተሸ መሣሪያ አይታመንም። አንድን ሰዓት የምታመሳክሪው ልክነቱ ከታወቀ ሰዓት ጋር ነው። የመለኪያው መመሪያ የጤነኛ ሰው ስኳር በባዶ ሆድ ከሰባ እስከ መቶ ነው ይላል። ስለዚህ ማሽኑን የምፈትሽበት አንድ ጤነኛ ሰው አስፈለገኝ። ፍለጋ አልወጣሁም፤ እኔው ወንበሬ ላይ ተቀምጫለሁ። ማክሰኞ ጠዋት ጣቴን ወጋሁ፤ 286 አለ።

"ይሄ ዕቃ አብዷል" ብዬ መለስኩላት። ፋርማሲስቷ በሌላ ዓይነት ቀየረችልኝ። ረቡዕ ጠዋት እሱንም ፈተሽኩት። 301። እሱንም ወስጄ፣ ጥራት የሌለው ዕቃ እያመጡ ሕዝብ ስለሚያታልሉ ሰዎች አንድ አጭር ንግግር አድርጌ መለስኩ። ሁለት የማይተዋወቁ ማሽኖች አንድ ዓይነት ነገር ሲናገሩ ምን ማለት እንደሆነ ለስንቱ ደንበኛ ያስረዳሁ ሰው ነኝ። "ሁለት ሰዓት ከተስማማ የግድግዳ ሰዓትህን ጠርጥር" እላለሁ ለሰው። ለራሴ ሲሆን ጠፋኝ።

እኔ ማሽን ሳማርጥ እሜቴ ሳትለካ ሦስት ቀን ሆናት። ሐሙስ ጠዋት ምግቧን አሽትታ ፊቷን አዞረች። ያን ጊዜ በረርኩ። ፋርማሲው ውስጥ ወረፋ ነበር፤ ወረፋውን ጥሼ ጮኽኩ። "ድመቷ ልትሞትብኝ ነው! የሚሠራ ዕቃ የላችሁም ወይ?"

ልጅቷ አልተቆጣችም። የመለስኳቸውን ሁለቱንም አወጣች፤ የራሷን ጣት ወግታ በአንዱ ለካች፣ 91። በሌላው ለካች፣ 94። ሁለቱንም ወደኔ አዙራ አሳየችኝ። ከዚያ "ጣትዎን ይስጡኝ" አለች። 294።

"ጋሼ፣ ዕቃው ደህና ነው" አለች ቀስ ብላ። "ደህና ያልሆኑት እርስዎ ነዎት።"

"ቁርስ በልቼ ነው።"

"ምን በሉ?"

"ሻይ።"

"በስንት ስኳር?"

"በአራት" ስላት ከኋላዬ የቆመች ሴት "ወይ ጉድ!" አለች። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ። የጆጉ ውሃ፣ የእግሬ መደንዘዝ፣ አጉሊ መነጽሬ ደከመ ብዬ ሁለት ጊዜ የቀየርኩት፣ ሁሉም እዚያው ቆሜ ሳለሁ ተራ በተራ መጡብኝ። አንቺ ስትመክሪኝ እምቢ ያልኩትን እኔን፣ መከራ ሳይቀድማት ድመት መከረችኝ።

ስለ ራሴ ለማሰብ ጊዜ አልነበረኝም። አንዱን ማሽን ይዤ ቤት ሮጥኩ፤ የእሜቴን ጆሮ በመዳፌ አሙቄ ወጋሁ፤ 240 አለ። እሷን ታቅፌ፣ ማሽኑን በኪሴ ይዤ ሐኪሙ ጋ ገባሁ። እሱ ደግሞ ከዚያው ጆሮ በራሱ መለኪያ ለካ፤ 330። አሁን ደግሞ ማን ነው የሚዋሸው?

"ማንም አይዋሽም" አለኝ። "የርስዎ ለሰው ደም የተሠራ ነው፤ የድመትን ደም ዝቅ አድርጎ ያነባል። ይሄኛው የእንስሳ ነው፤ ለድመት እንዲያነብ ኮድ ይሞላለታል። ለእሷ ይሄን ዓይነት ይያዙ።" አንድ እንደሱ ያለ እንዲያመጣልኝ ተስማማን፤ ለሰው የተሠራው ማሽን ደግሞ ባለቤቱ ጋ፣ እኔው ጋ ቀረ። እሜቴን በደም ሥሯ ፈሳሽ ሰጥቶ ሁለት ቀን አቆያት። ቅዳሜ ልወስዳት ስመጣ አዲሱን መለኪያ እጄ ላይ አስቀመጠና እንዲህ አለኝ፤

"ሲመጡ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፈው እንዳያመጡልኝ። ማሽኑን ራሱን ያምጡ፤ ያለፉትን ቁጥሮች ሁሉ ውስጡ ያስቀምጣል።"

"አታምነኝም እንዴ?"

"ክፋት ኖሮብዎት አይደለም። ሰው ለሚወደው ሲል ቁጥር ይቀንሳል። ስንቱን አየሁ።"

እትዬ፣ አራት ጊዜ ጀምሬ የቀደድኩት ነገር ይሄ ነው።

እናታችን በስኳር በሽታዋ ዓይኗ ከደከመ በኋላ ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመግባትሽ በፊት አንቺ ትለኪያት ነበር፤ ማታ ማታ እኔ። ቁጥሩን ማየት ስለማትችል ፊቷን ወደኔ አዙራ "ስንት ነው?" ትለኛለች። ከፍ ብሏል ያልኳት ቀን እራቷን አትበላም፤ "ልጆቼን አደከምኩ" እያለች ታለቅሳለች። አንድ ቀን 260 ሆኖ "130 ነው፣ እማዬ" አልኳት። ፊቷ እንዴት እንደበራ! እጄን ሳመችኝ። ከዚያ በኋላ ማቆም አቃተኝ። ደብተሩ ላይም የምጽፈው የነገርኳትን ነበር።

ያንን ደብተር ነበር አንቺ ወደ ሐኪም የምትወስጂው። ማታ ደህና፣ ጠዋት ከፍተኛ። ሐኪሙ ግራ ገባው፤ አንቺም ግራ ገባሽ። ነርስ ሆኜ እንዴት ይሄ ያመልጠኛል፣ መርፌውን የምወጋት ተሳስቼ ነው እያልሽ ስትብሰለሰዪ አጠገብሽ ተቀምጬ ሻይ እጠጣ ነበር። ካለፈች በኋላም "ጥፋቱ የኔ ነው" ስትዪ ሰምቻለሁ። አልነበረም። የጠዋቱ ቁጥር ልክ ነበር፤ የማታው ነው የኔ ፈጠራ። እውነቱን ብጽፍ ትተርፍ እንደነበር አላውቅም፤ ሐኪሙ ጋ የሚደርሰው ግን እውነቱ ይሆን ነበር።

ዕቃዋን ስናወጣ መለኪያዋን አነሳሽና "ና፣ ጣትህን ስጠኝ፣ ስኳር በዘራችን አለ፣ አንተም መታየት አለብህ" አልሽኝ። አውራ ጣትሽ ያለፉትን ቁጥሮች የሚያሳየው ቁልፍ ላይ ነበር። ያን ብቻ ነው ያየሁት። አንዴ ብትጫኚው የማታዎቹ ሁሉ ይወጡ ነበር። ለዚያ ነው በዘመድ ፊት "አንቺ በሽታ ስትፈልጊ ባል ሳታገኚ ቀረሽ" ያልኩሽ። እንድትጥዪው ብዬ ነው። አንቺም ማሽኑን አስቀመጥሽ፤ የቀረውን ልብስ አጣጥፈሽ ጨረስሽና ወጣሽ። ማታውኑ ወስጄ ሰበርኩት። ከቁጣ የተነገረ ክፉ ቃል ይቅር ይባል ይሆናል፤ የኔ ግን ታስቦ የተነገረ ነው።

አሁን ሐኪም ይዣለሁ። የዓይን ሐኪሙም አይቶኛል፤ ቀኝ ዓይኔ ተነክቷል፣ ግራው ሊተርፍ ይችላል ብሎኛል። ጽሑፌ የጎላው ለዚህ ነው። ትልልቅ የግድግዳ ሰዓት ብቻ እየተቀበልኩ፣ ጥቃቅኑን ማዶ ወዳለው ሰዓት ሠሪ እልካለሁ። እሜቴ ክብደት ጨምራለች፤ እግሯ ገና ነው፤ ጠረጴዛው ላይ የማወጣት እኔ ነኝ። ጠዋት መጀመሪያ ጆሮዋን፣ ቀጥዬ ጣቴን እወጋለሁ። እሷ ዝም ትላለች፤ የምጮኸው እኔ ነኝ።

ይቅር በዪኝ ልልሽ ነበር፤ ግን እሱን መጠየቅ ለኔ የሚቀለኝ ነገር ሆኖ አገኘሁት። ከዚያ በፊት አንድ ነገር ብቻ እንድታውቂልኝ እፈልጋለሁ፤ እናታችንን አንቺ አላጠፋሻትም። ደብዳቤዬን ብታቃጥዪውም ይሄን ያዢ። ከዛሬ ጀምሮ በየሳምንቱ እጽፍልሻለሁ፤ ብትመልሺም ባትመልሺም፣ ቁጥሩ ቢያምርም ባያምርም፣ ማሽኑ ያለውን ብቻ።

ታናሽ ወንድምሽ፤
ዛሬ ጠዋት፣ በባዶ ሆድ፣ 187