የአባባ ፊያት ማኒፎልድ

ማክሰኞ

ጠመመ። ቀኑን ሙሉ የለፋሁበት ብረት ሲቀዘቅዝ ጎበጠ። ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጠው መሃሉ ብድግ ይላል፤ በሥሩ ሳንቲም ያሳልፋል።

ጥፋቱ የኔ ነው። የአባባ ፊያት የድሮው ማኒፎልድ፣ ያ ከካርቡሬተሩ ወደ ሞተሩ ቤንዚንና አየር የሚያሳልፈው፣ አሉሚኒየም ነበር። ከእርጅና ተሰነጠቀ። መለዋወጫው የትም የለም። በብረት እሠራዋለሁ ብዬ ፎከርኩ። ወፍራም ላሜራ ቆረጥኩ፣ አራት ቀዳዳ አወጣሁ፣ አራት ቱቦ በየድኩበት። ከምንም ጋር ሳላስረው፣ ፋታ ሳልሰጠው። ሌላ ሰው እንዲህ ሲሠራ ባይ እስቅበት ነበር።

አባባ እሑድ ቡሬ እህቴ ጋ ይሄዳሉ። ለመኖር። ጉልበታቸው እምቢ ካለ ወዲህ ብቻቸውን መዋል አልቻሉም፤ እኔ ደግሞ፣ ፈቃድ ከወሰድኩበት ከዚህ ሳምንት በቀር፣ ቀኑን ጋራዥ ነኝ። ከፍኖተ ሰላም ቡሬ በዚህችው ፊያት ሰው ሲያመላልሱ ነው ያረጁት። "ከዚህ ቤት በሰው መኪና አልወጣም" ብለዋል።

ረቡዕ

ሚካኤል። አባባ ግቢያቸው ውስጥ መዶሻ እንዳይሰማ አሉ። አንድ ቀን ተቃጠለ። ብረቱን አየዋለሁ፣ ያየኛል። ታቦቱ ምን አጠፋ፤ ትናንት የቸኮልኩት እኔ ነኝ።

ሐሙስ

ከወፍራም ብረት ጋር አስሬ፣ አሙቄ አቀናሁት። ለዓይን ቀጥ ብሏል። ገጠምኩት፣ አስነሳሁ። ተነሳች። ከዚያ ፉጨት። አንዴ ትጮኻለች፣ አንዴ ልትጠፋ ትላለች። የሆነ ቦታ አየር እየሳበች ነው።

አባባ በረንዳው ላይ እንደተቀመጡ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"ከሦስተኛው ጋ ነው የሚተነፍስ።"

ፈታሁት። ሦስተኛው ቀዳዳ ጋ ነበር። ተናደድኩ። በእሳቸው ጆሮ አይደለም፤ በገዛ እጄ። አየር እንዳይገባ ማሸጊያ ጋስኬት ደረብኩ፤ ባሰባት። ከሰዓት መብራት ጠፋ። የብሎን መፍቻውን ወርውሬ ቤት ገባሁ። ቆይቼ ወጥቼ ፈለግኩት።

ዓርብ

የኔታ መጡ። ጎረቤታችን ናቸው፤ ብራና ፍቀው መጽሐፍ ይጽፋሉ። ብሶቴን ዘረገፍኩላቸው። ብረቱን በመዳፋቸው ዳሰሱት።

"ዓይንህን አትመነው። ለጥ ያለ ነገር ላይ ቀለም ቀባና አስነካው፤ የጎበጠውን እሱ ይነግርሃል።"

ኮሌጅ ተምሬው ነበር፤ ረስቼው እንጂ። ይህን አልነገርኳቸውም።

ከድስት ቂጥ ጥቀርሻ ፋቅኩ፣ በዘይት ለወስኩ፣ የመስኮት መስታወት ላይ ስስ አድርጌ ቀባሁ። ብረቱን በላዩ ጫን አድርጌ አነሳሁት። ሁለቱ ጫፎች ጠቁረዋል፤ ሦስተኛው ቀዳዳ ዙሪያው ንጹሕ ነው፣ መስታወቱን አልነካም። ስሰድበው የከረምኩት ነገር በጥቀርሻ ወጥቶ አየሁት። የጠቆረውን በሞረድ ፋቅኩ፣ እንደገና አስነካሁ፣ እንደገና ሞረድኩ። መዳፌ ውኃ ቋጠረ።

ቅዳሜ

ጥቀርሻ፣ መስታወት፣ ሞረድ። ስንት ጊዜ እንደደጋገምኩት ጠፋኝ። መዳፌ ፈንድቷል። ከሰዓት ፊቱ በሙሉ እኩል ጠቆረ። ገጠምኩት። ተነሳች፤ ያለ ፉጨት፣ ያለ ማንገራገር።

አባባ ዓይናቸውን ጨፍነው ለረጅም ጊዜ ሰሟት። "አሁን መኪና ሆነች" አሉና ልብሳቸውን ሊሸክፉ ገቡ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ከብረት ጋር የተጣላሁት እሳቸው እንዲሄዱልኝ ነው ማለት ነው። ይህ አሁን ነው የገባኝ። ሞኝ ነኝ። ቤቱ ውስጥ ሻንጣ ሲዘጋ ይሰማኛል፤ አልገባሁም።

እሑድ

አደረስኳቸው። መንገድ ላይ ማንኩሳ ከተማ ስንደርስ መስኮቱን ዝቅ አድርገው የሚያውቁትንም የማያውቁትንም እጅ ነሱ። እህቴ ደጅ ቆማ ጠበቀችን። ልመለስ ስል የቆሰለውን መዳፌን ይዘው ገልብጠው አዩት። በሥራዬ አመስግነውኝ አያውቁም። ዛሬም አላመሰገኑኝም። እጄን ግን ቶሎ አልለቀቁትም።

ስመለስ ጎኔ ያለው ወንበር ባዶ ነው። ማንኩሳን እንዳለፍኩ ቀጭን ፉጨት የሰማሁ መሰለኝ። ቆሜ ኮፈኑን ከፈትኩ። ምንም የለም። ስነዳ ደግሞ ያለ ይመስላል። ይኑር አይኑር እርግጠኛ አይደለሁም።

ነገ ብሎኖቹን ባጠብቃቸው ይለይልኝ ነበር። አልነካቸውም። ቅዳሜ ቡሬ እወስዳትና አባባ ይስሟታል።