ሁለት አዛዥ ያለው ማተሚያ

ሰኞ
የሊቀመንበሩ ስም ተበላሽቶ ታተመ! ለአብዮት በዓል የሚቀርበው የፋብሪካችን ሪፖርት፣ ገና የመጀመሪያው ገጽ ላይ፣ ስማቸው መሀል ሲደርስ የጥያቄ ምልክትና የፈረንጅ ፊደል ተዘረገፈ። ካድሬያችን ጓድ ግርማ ወረቀቱን መንጭቆ አየው። ሲቆጣ አይጮኽም፤ ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው። "ይኼ አሻጥር ነው። ቅዳሜ በሂስና ግለሂስ ስብሰባው ላይ ማን እንዳደረገው ትናገሪያለሽ።" ኮምፒውተሩን የምነካው እኔ ብቻ ነኝ። ምሳ አልበላሁም።

ማክሰኞ
ምክንያቱን አገኘሁት፤ ባላገኘው ይሻለኝ ነበር። ማተሚያውን የሚያዙ ትንንሽ ፕሮግራሞች አሉ፣ ድራይቨር የሚባሉ። አንዱ የእንግሊዝኛው ነው፤ ለሒሳብ ሹሙ ለጋሽ ሸምሱ የደመወዝ ዝርዝር የማትምበት። ሌላው የአማርኛው። ኮምፒውተሩ ሲነሣ ሁለቱም አብረው ይነሡና ማተሚያውን ይሻማሉ፤ አንዱ ሲጽፍ ሌላው ይነጥቀዋል። የአማርኛውን ዲስኬት ባለፈው ሳምንት ከሌላ መሥሪያ ቤት አምጥቶ "አሁኑኑ ጫኚው" ያለኝ ማን ሆነና? ራሱ ጓድ ግርማ! ይህን ሰው ፊት ልናገር? እንኳን መናገር፣ እዚህ መጻፉም ያስፈራኛል።

ረቡዕ
የአማርኛውን ባጠፋ ፀረ አብዮት እባላለሁ። የእንግሊዝኛውን ባጠፋ ሠራተኛው በዓሉን ያለ ደመወዝ ይውላል። ጋሽ ሸምሱን አማከርኳቸው። በሩን ዘጉና "ልጄ፣ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። ጥፋቱ የኔ ነው በይና ይለፍ" አሉኝ። አምና የመጋዘን ጠባቂያችን እንዲሁ ብሎ ነበር። ወሰዱት፤ እስካሁን አልተመለሰም። ለእማዬ ምንም አልነገርኳትም።

ሐሙስ
አንዱንም አላጠፋሁም። ሁለት ማስነሻ ዲስኬት ሠራሁ፤ አንዱ ላይ የአማርኛው ብቻ፣ ሌላው ላይ የእንግሊዝኛው ብቻ። የሚፈለገውን ከትቶ ማስነሣት ነው። ሪፖርቱ ጥርት ብሎ ወጣ፤ ቀጥሎ ደመወዙ። እልል በይ በይ አለኝ። ግን ቅዳሜ አለ።

ዓርብ
ከፋብሪካው ላፍቶ እስካለው ቤቴ በጭቃ እየሄድኩ ምን እንደምል ተለማመድኩ። ማንም አላጠፋም ካልኩ፣ ማን አመጣው ይሉኛል። ጠዋት ጓድ ግርማ "እንዴት አደርሽ" ሲለኝ ወረቀት የማስተካክል መስዬ አቀረቀርኩ።

ቅዳሜ
ተነሺ ተባልኩ። "ጓዶች፣ ሁለቱም ፕሮግራሞች ደህና ናቸው። አብረው መነሣት አልነበረባቸውም፤ አሁን ለይቻቸዋለሁ።"
"ሁለተኛውን ማን አስገባው?" አለ አንድ ሰው ከኋላ።
ጓድ ግርማን አየሁት። እሱም አየኝ። የፈራ ሰው ዓይን አውቃለሁ፤ ሳምንቱን ሙሉ በመስታወት ሳየው ነው የከረምኩት።
ቀድሞኝ ተነሣ። ችግሩ የተፈታው በእሱ የቅርብ ክትትልና አመራር መሆኑን ረጅም አድርጎ አብራራ። አዳራሹ አጨበጨበ። መዳፌ እስኪቀላ ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ። ለዛሬ፣ ተመስገን።