መጥቶ ሳይቀመጥ የሚሄደው እንግዳ

ለታላቅ እህቴ፣ ለእታለሜ፦

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ደረጃ መውጣት እሺ አለሽ? ሳልሽ ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ግድግዳውን ታስደነግጪበታለሽ? እኔ ደህና ነኝ፤ ጥርሴ ቢያልቅም ምላሴ አልዶለዶመም። ብዕሩን የያዘችው ልጄ ናት። ስለ ራሷ ስናገር እጇ ይሰንፋል፤ «አባዬ፣ ይሄ ይቅር» ትለኛለች። «ፊደሉ ያንቺ ነው፣ ቃሉ የእኔ፤ ጻፊ!» ብያታለሁ።

እታለሜ፣ «ልጅህ የማይታይ ነገር ስታሳድድ ዕድሜዋን ፈጀች» ያልሽውን አልረሳሁም። ታየልሽ!

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ኬሚካል ወደ ሌላ ሲለወጥ በመካከል ሌላ ነገር ይፈጠርና ዓይን ሳይርገበገብ ይጠፋል። እኔ «መጥቶ ሳይቀመጥ የሚሄድ እንግዳ» እለዋለሁ፤ እሷም ስቃ ደብተሯ ላይ ጻፈችው። ኬሚካሉን በሌዘር ትመታዋለች፤ ከዚያ ዘግየት ያለ ሁለተኛ ብርሃን ልካ የእንግዳውን መልክ ታያለች። ብርሃኑን የምታዘገየው መንገድ በማስረዘም ነው፤ ብርሃኑ የሚነጥርበትን መስታወት ሀዲድ ላይ ወደ ኋላ ትገፋዋለች። ግን እንግዳው ዛሬ ይታያል፣ ነገ የለም። አለቃዋ «ያየሽው የመሣሪያሽን መንቀጥቀጥ ነው፤ እስከ ወር መጨረሻ ካልደገምሽው የሙከራ ክፍሉን ለሌላ እሰጣለሁ» አላት።

አርባ ዓመት ቶርኖ ላይ ቆሜ ብረት የቀረጽኩ ሰው ነኝ፤ «ወስደሽ አሳዪኝ» አልኳት። ሀዲዱን በጥፍሬ ስዳብሰው መሐሉ ላይ ከፀጉር የቀጠነ ጠርዝ አገኘሁ። መስታወቱ እዚያ ሲደርስ ያነክሳል፣ ብርሃኑም ይስታል። ከኪሴ የዘይት ጠርሙሴን ሳወጣ «አባዬ፣ ዘይት እዚህ ቤት አይገባም!» ብላ ጮኸችብኝ። ለካ ትነቱ መስታወት ያበላሻል! እኔ ደግሞ በዘይት ያላዳንኩት ማሽን የለም። አፍሬ ጠርሙሴን ደጅ አስቀመጥኩ፤ ሀዲዱንም አስፈትቼ፣ ውጭ አውጥቼ፣ በደቃቅ ሞረድ አለሰለስኩት።

ሀዲዱ ተመልሶ ሲገጠም አለቃዋ ራሱ መጥቶ ሙከራውን ሰባት ጊዜ ደገመው። ሰባቱንም ጊዜ እንግዳው በሰዓቱ ደረሰ! «ተሳስቻለሁ» አላት፣ በሁሉ ፊት። ክፍሉም የእሷው ሆኖ ቀረ። እኔን «ጋሼ፣ የት ነው የተማሩት?» ቢለኝ «ጥፍሬ ላይ» አልኩት።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የልጄ እውነት ግን ማደር አያውቅም፤ የሚያየው የጠበቀው ሳይሆን የቀደመው ሰው ነው።

አማቼ ራዲዮውን ቀንሶ ይህን ይስማ። ትልቋን ልጅሽን ሳሚልኝ፤ መንትዮቹን ጆሯቸውን ቆንጥጠሽ ሰላም በይልኝ። ጎረቤትሽ ልብስ ሰፊዋ «የወንድምሽ ልጅ ምን ትሠራለች?» ስትልሽ ከእንግዲህ አትንተባተቢ፤ «መጥቶ ሳይቀመጥ የሚሄደውን እንግዳ በብርሃን ትይዘዋለች» በያት። «ሀዲዱንስ ማን አቃናው?» ካለችሽም ዝም አትበይ።

ወንድምሽ
ከልጄ ቤት፣ መስኮቱ ሥር
ኅዳር 9 ቀን