ወልደየሱስ የተረጎመው ፊልም

ጅቡቲ፣ ጥር 1993 ዓ.ም.

ውድ ወልደየሱስ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ በሌላ ቃል መጀመር ስላልለመድኩ ነው።

ዓርብ ከሰዓት ካርቲየ 6 ሰፈር ያለው ቪዲዮ ቤትህ የመጣሁት ሁዳ ለምናኝ ነው። ቡላኦስ ገበያ የተዋወቅኳት፣ የመን ለመሻገር ጀልባ የምትጠብቅ የወሎ ልጅ ናት። «ጋሽ ወልዴ የጦርነት ፊልም ያሳያል፤ ልክ እንደ እናንተ ዘመን ነው አሉ» አለችኝ። ምንጣፉ ላይ ሃያ የሚሆኑ ወጣት መንገደኞች ተቀምጠዋል። አንተ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆመህ ፈረንሳይኛውን ትተረጉማለህ፤ በየመሃሉ «እኛም በደርግ ጊዜ እንዲህ ነበርን» እያልክ ደረትህን ትነፋለህ።

ፊልሙ ላይ ምድር ቤት ተደብቀው በራሪ ወረቀት ከሚያትሙት አንዱ ተያዘ። ገረፉት፤ ተናገረ። «ሞቼ እገኛለሁ እንጂ ጓደኞቼን አልሰጥም አለ» ብለህ ተረጎምክ። ልጆቹ አጨበጨቡልህ። ሰውየው ግን የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ነበር የሚናገረው። ወዲያው ወታደሮቹ አብራው የምታትመውን ልጅ ከቤቷ አውጥተው ረሸኗት።

«ታዲያ ቤቷን ማን አሳያቸው?» አለች ሁዳ።

«ራሷ ናት። ዝርክርክ ነበረች» አልክ።

ይህንኑ ቃል በ1970 ስለተገደለችው ጓደኛችን ስለ ሻሼ ብለኸዋል። ያን ጊዜ ዝም አልኩ። ዓርብ ግን ተነሳሁ።

«ያሳያቸው እሱ ነው። አሁን ነገራቸው እኮ» አልኩ።

«የሰው ቤት ሠራተኛ፣ ፈረንሳይኛ ከየት አመጣሽ?» ብለህ ሳቅክ።

«አሥራ ሁለት ዓመት ፈረንሳዮች ቤት ሠርቻለሁ። አድራሻ ሲነገር እሰማለሁ።»

አብሮህ የሳቀ አልነበረም።

ወልደየሱስ፣ ያኔ በቀበሌው እስር ቤት፣ ከግድግዳው ማዶ ሆኜ የሻሼን ቤት ስትናገር ሰምቼሃለሁ። ከምርመራ ሲመልሱህ በደረትህ ነበር የምትሳበው፤ እግርህን አይቻለሁ። በዚያ አልፈረድኩብህም። እኔም ላይ አንድ ቀን ግርፋት ቢጨምሩብኝ እናገር ነበር ይሆናል። ሃያ ሦስት ዓመት ዝም ያልኩት አዝኜልህ ነው። አንተ ግን በእሷ ሞት ተርፈህ፣ እሷኑ ዝርክርክ ብለህ ሰድበህ፣ የልጆች ጭብጨባ ትለቅማለህ። አሁን ሳስብህ ንዴት እንኳ አይመጣብኝም። ትቀፈኛለህ።

የሻሼ እናት እማማ አበሩ በሕይወት አሉ። ለፋሲካ በጻፍኩላቸው ቁጥር «ልጄን ማን እንደጠቆማት ሰማሽ ወይ?» ይሉኛል። አልሰማሁም እያልኩ ዋሽቻቸዋለሁ።

ትናንት በድሬዳዋው ባቡር ደብዳቤ ላክሁላቸው። እግርህ እንዴት ሆኖ እንደነበር ጽፌላቸዋለሁ። ስምህንም፣ ከነአባትህ።

ትርሲት